ብርሃን ከሥዕል ጋር ሲገናኝ፤ ስለ አፍሪካ አዳራሽ መስተዋቶች የቀረበ አስተያየት

ስለ አፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም መስተዋቶች ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። የተነገረውን ሰብስበን ስንመረምረው ግን አብዛኛው በመስተዋቶቹ ላይ ስለ ተሣለው ነገር ነው እንጂ ስለ መስተዋቶቹ ስለ ራሳቸው አይደለም። ችቦው የነጻነት ምልክት ነው ይባላል፤ ቀዩ ያለፈውን መከራ፣ ቢጫው የሚመጣውን ተስፋ ያሳያል ይባላል። ይህ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ይኸው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ቃል አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሊነገርለት ይችል ነበር። እንግዲህ የሚሰጠው አስተያየት ሥራው ከምን እንደ ተሠራ ግድ የማይለው ከሆነ፣ ስለዚህ ሥራ ተነገረ ለማለት እንዴት ይቻላል? እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

አዳራሹ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ባወጡት ፕላን ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ ቤት ነው። መስተዋቶቹን የነደፉት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልደው፣ በለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ከሠሩ በኋላ በ2004 ዓ.ም. አርፈዋል። ሥራው በሦስት ክፍል የተከፈለና በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ያለፈውን፣ ትግሉንና የወደፊቱን የአፍሪካን ዘመን ያሳያል። ለብዙ ዓመታት የቆየው የአዳራሹ እድሳት ተጠናቆ ቤቱ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ስለ ተከፈተ፣ ስለ መስተዋቶቹ መነጋገርም እንደ አዲስ ተነሥቷል። በእኛም መካከል ክርክር ተደርጎ ነበር።

በዚያ ክርክር ሁለት ነቀፋ ተሰማ። አንደኛው ወገን፣ ባለ ቀለም መስተዋት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ጥበብ ነውና ለእኛ እንግዳ ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቀለሞቹ ይጮኻሉ፣ እርጋታ የላቸውም፣ የጎንደር ሠዓሊ እንዲህ አያደርግም ሲል ተከራከረ። የመጀመሪያው ነቀፋ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ አይደለም። ቡና ከኢትዮጵያ ወጣ ተብሎ የዓረብ ቡና ዓረብነቱ አልቀረም፤ ጥበብም ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ምን ተሠራበት የሚለው ይበልጣል። ሁለተኛው ነቀፋ ግን ብርቱ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። እኛም መልሱን ለማግኘት ከሥዕሉ ትርጉም ይልቅ ብርሃን በእያንዳንዱ ነገር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መመርመር ግድ ሆኖብናል።

ብርሃን በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከሚደርስበት ነገር አያልፍም፤ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይዋጣል፣ ወይ ያልፋል። ሲመለስም እንደ መመልከቻ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊመለስ ይችላል፤ ወይም እንደ ነጭ ግድግዳ በየአቅጣጫው ሊበተን ይችላል። ሲያልፍም መንገዱ ይሰበራል፤ ብትር በውኃ ውስጥ ስትቆም የተሰበረች መስላ የምትታየው ስለዚህ ነው። ይህን ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። ነገር ግን እውቀቱን በፊዚክስ ክፍል ትተነው ወደ ሥዕል ቤት ስንገባ ዓይናችንን እንዘጋለን።

የጎንደርንና የጣና ደሴቶችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል እናስብ። ሠዓሊው የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ነጭ መደብ ያለብሰዋል፤ ከዚያ በሙጫ የተበጠበጠውን ቀለም ይቀባል። ሙጫው ጥቂት ነው። ሲደርቅ በቀለሙ ደቃቅ ቅንጣቶች መካከል አየር ይቀራል። ብርሃኑ ከአየር ወደ ቅንጣት፣ ከቅንጣት ወደ አየር ሲገባና ሲወጣ በየጊዜው እየተሰበረና እየተመለሰ ይበተናል፤ ወደ ተመልካቹም ከየአቅጣጫው ይመጣል። ስለዚህ ሥዕሉ አያብለጨልጭም፤ በቀኝ የቆመውም በግራ የቆመውም አንድ ዓይነት ቀለም ያያል።

ይህ ነገር በእውነት እንዲህ መሆኑን ለማየት እኛ ራሳችን አንድ ትንሽ ሙከራ አደረግን። ከአሮጌ ነጠላ አንድ ክንድ ያህል ቀደድን፤ (ባለቤቷ ፈቅዳልናለች፤ ምን እንደምናደርግበት ግን አልነገርናትም።) ከፈረሰ ግድግዳ የተረፈ ጀሶና ከመንገድ ዳር ያመጣነውን ቀይ አፈር ለየብቻ ፈጭተን በወንፊት ነፋን። በጨርቁ ግማሽ ላይ ጀሶውንና አፈሩን በሙጫ ውኃ በጥብጠን ቀባን፤ በሌላው ግማሽ ላይ ግን በተልባ ዘይት ለውሰን ቀባን። ሲደርቅ ልዩነቱ ማንም ሊስተው የማይችል ሆነ። በሙጫው በኩል ጀሶው ነጭ፣ አፈሩም ፈካ ያለና እንደ ዱቄት ለስላሳ ሆኖ ታየ። በዘይቱ በኩል ጀሶው ነጭነቱን ጥሎ ቅባት እንደ ነካው ወረቀት የጨርቁን ድርና ማግ አሳየን፤ አፈሩም ወደ ጥልቅ ቡናማ ቀይ ተለወጠ። ያው ጀሶ፣ ያው አፈር ነው፤ የተለወጠው በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ነገር ብቻ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብርሃን በአንድ ነገር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ በቁጥር ይለካል፤ ይህም ቁጥር ለአየር 1 ያህል፣ ለውኃ 1.33፣ ለተልባ ዘይት 1.48 ያህል፣ ለጀሶ 1.52 ያህል ነው። ብርሃን የሚሰበረውና የሚመለሰው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ልዩነት ሲኖር ነው። በአየርና በጀሶ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለ ሆነ ብርሃኑ ይበተናል፤ ነጭም ይሆናል። በዘይትና በጀሶ መካከል ያለው ግን እጅግ ጠባብ ነውና ብርሃኑ ምንም እንዳላጋጠመው ያህል ዘልቆ ይሄዳል። ዝናብ የነካው አፈር የሚጠቁረው፣ በላብ የራሰ ሸሚዝ ገላን የሚያሳየው በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዲህ የቀድሞው ሠዓሊ ይህን በቁጥር አላወቀውም፤ በእጁ ግን ያውቀው ነበር። ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተመለከተ ሰው ሊያስታውስ እንደሚችለው፣ ሥዕሉ የሚገኘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲሆን ተመልካቹ የሚቆመው በጠባቡ ቅድስት ውስጥ ነው። ብርሃን የሚገባው በጥቂት በሮችና መስኮቶች ነው፤ ከጎን ተጋድሞም በግድግዳው ላይ ያልፋል። በዘይት የተቀባና የሚያብለጨልጭ ገጽ ፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው ከመቶ 4 ያህሉን ብቻ እንደ መመልከቻ መስተዋት ይመልሳል፤ ብርሃኑ ከግድግዳው ጋር 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ተጋድሞ ሲመጣ ግን ከመቶ ወደ 39 ያህሉን ይመልሳል። በቅርብ ዘመን በሚያበራ የዘይት ቀለም በተሣሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ምእመኑ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲፈልግ የሚያገኘው ነጭ ነጸብራቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሠዓሊው አልሰነፈም፤ ሥዕሉም አልከፋም። ቀለሙና በሩ አልተስማሙም። አሮጌውን ሥዕል አድሰን እናስውበው ብለው በላዩ ቫርኒሽ የሚቀቡ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥፋት ያደርሳሉ፤ አየሩን በቫርኒሽ ይተኩታልና ፈካ ያለው ሥዕል ይጠቁራል፤ ጥፋቱንም መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ወደ አፍሪካ አዳራሽ እንመለስ። በጨርቅ ላይ ያለ ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ከግድግዳው የበለጠ ሊበራ አይችልም። እጅግ ነጭ የሆነው ቀለም ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 ወይም 90 ያህሉን ይመልሳል፤ እጅግ ጥቁር የሆነው ደግሞ 4 ወይም 5 ያህሉን። እንግዲህ በብሩህና በጨለማ መካከል ያለው ርቀት ሃያ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሠዓሊው መላውን ዓለም፣ ፀሐይንም ሲኦልንም፣ በዚህች ጠባብ መሰላል ላይ ማስቀመጥ አለበት። የመስተዋት ሠዓሊ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ጥሩ መስተዋት ከሁለቱ ገጾቹ ላይ በሚመለሰው 8 ያህል ካልሆነ በቀር የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ያሳልፋል፤ ጥልቅ ሰማያዊው ወይም ጥልቅ ቀዩ ከመቶ አንድ እንኳ ላያሳልፍ ይችላል፤ መስተዋቶቹን የሚያያይዙት ጥቁር መስመሮች ደግሞ ምንም አያሳልፉም። ርቀቱ ከመቶ እጅ በላይ ነው። ከዚያም በላይ ከኋላ ያለው መብራት የአዲስ አበባ ሰማይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ አየሩ የሳሳ፣ ፀሐዩ ብርቱ የሆነ ሰማይ።

እንግዲህ “ቀለሞቹ ይጮኻሉ” ያለው ወንድማችን ትክክለኛ ነገር አይቶ የተሳሳተ ፍርድ ሰጥቷል እንላለን። እርግጥ ይጮኻሉ። ነገር ግን በጨርቅ መሰላል የለመደ ዓይን በመስተዋት መሰላል ላይ ያለውን ሲያይ ጩኸት መስሎ ይታየዋል። የጎንደር ሠዓሊ እርጋታን ያገኘው ብርሃኑን በመበተን ነው፤ መስተዋት ግን ብርሃን አይበትንም፤ መርጦ ያሳልፋል እንጂ። ቀይ መስተዋት ሌላውን ውጦ ቀዩን ይለቃል። አንዱን በሌላው ሕግ መፍረድ በገናን እንደ እምቢልታ አልጮኸም ብሎ መክሰስ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አስተውለናል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅርጽ ሁሉ በጥቁር መስመር ይከበባል፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ የልብስ እጥፋት፣ ሁሉም መስመር ነው። በባለ ቀለም መስተዋት ሥራም ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ጥቁር መስመር የግድ ነው፤ ያለ እርሱ ሥራው ይወድቃል። ሎሬት አፈወርቅ ሁለቱን አገናኙ። በጨርቅ ላይ በብሩሽ የሚሣለው መስመር በመስተዋቱ ሥራ ላይ የቤቱ ምሰሶ ሆነ። ለእኛ “እንግዳ ነው” ለሚለው ነቀፋ የተሻለው መልስ ይህ ነው፤ በጥሩ ቦታዎቹ ላይ እጁ የአገሩን ልማድ አልረሳም፤ መስተዋቱም ባሕርዩን አልተወም። ትልቁን ችቦ እንመልከት። በሌላ ሥዕል ላይ ችቦ ማለት ቢጫ ቀለም ነው፤ ሠዓሊው ይህ ብርሃን ነው ብላችሁ እመኑልኝ ይለናል፤ እኛም ለጨዋነት እንቀበለዋለን። እዚህ ግን ችቦው በእውነት ያበራል። ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛል፤ ደመናው ሲገለጥ እንደገና ይነዳል። ሠዓሊው ያልሣሉት፣ ነገር ግን ያሰቡት ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም አናመሰግንም። በፊቶቹ ላይ ለጉንጭና ለግንባር ክበት የተጨመረው ጥላ ለእኛ የሥራው ደካማ ክፍል ሆኖ ይታየናል። በሸራ ላይ ጥላ ማድረግ ማለት ጠቆር ያለ ቀለም መጨመር ነው፤ ሥጋውም ክብ ሆኖ ይታያል። በመስተዋት ላይ ግን ጥላ ማድረግ ማለት ብርሃን መከልከል ነው። ከጎን ያለው ንጹሕ ቀይ መስተዋት እየነደደ፣ ጥላ የተቀባው ፊት አቧራ እንደ ለበሰ መስኮት ይሆናል፤ ከሩቅ ሲያዩት ልብሱ ከሰውየው ይልቅ ሕያው ነው። በለንደን የተማረው የሸራ ሠዓሊ እዚህ ላይ የመስተዋቱን ሠዓሊ አሸንፎታል እንላለን። በጥቁር መስመርና በንጹሕ ቀለም ብቻ እንደ አሮጌው የብራና ሥዕል ተሠርተው ቢሆን ምን ያህል ያምሩ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ይህን ስንል ታላቅ ሰው መንቀፋችን መሆኑን እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ያለ ነቀፋ የሚሰጥ ምስጋና ለሐውልት እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ስለ ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለት ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ነገር ባጭሩ እንናገር። ብረታ ብረት ብርሃንን አያሳልፍም፤ እጅግ ካልሳሳ በቀር። (የወርቅ ቅጠል እጅግ ሲሳሳ ወደ ብርሃን ይዘው ቢያዩት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ቢጫውን ይመልሳልና።) ወርቅና መዳብ ሰማያዊውን ስለሚውጡ ቀለም አላቸው፤ አሉሚኒየም ግን ሁሉንም በአንድነት ከመቶ 90 ያህል ስለሚመልስ የራሱ ቀለም የለውም። እስክንድር ቦጎስያን ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ “ኔክሰስ” የተባለውን ሥራ የሠራው በዚህ ማዕድን ነው። በፎቶግራፍ ለሚያየው ሰው ግራጫ ግድግዳ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶግራፉ ከአንድ ቦታ ቆሞ ያያልና። የተቀረጸ ብረት ግን ለእያንዳንዱ የቆመ ሰው የተለየ ሥዕል ይሰጣል፤ ሲራመዱ አንዱ መስመር ይጠፋል፣ ሌላው ይበራል። በስደት ላለ ሕዝብ የተሠራ ሥራ ቆሞ ሳይሆን እየተራመደ የሚታይ መሆኑ ተገቢ መስሎናል፤ ይህ ግን የእኛ አሳብ ነው።

አሁን ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን እንግለጥ። አብዛኛው ሰው የአፍሪካ አዳራሽን መስተዋት የሚያውቀው በመጽሐፍ፣ በፖስት ካርድና በስልክ ነው። የታተመው ወረቀት ከላይ እንዳልነው በሃያ እጅ መሰላል ላይ ነው፤ ስለዚህ አታሚው ወይ ብሩሁን ማደብዘዝ፣ ወይ ጨለማውን ማንጣት አለበት። በእጅ ስልክ በመስተዋቱ ፊት ጓደኛ ፎቶ ያነሣ ሰው ያውቀዋል፤ መስተዋቱ ከታየ ጓደኛው ጥላ ይሆናል፤ ጓደኛው ከታየ መስተዋቱ ነጭ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የተበላሸውን ምስል ይዘን ሥራውን እንወቅሳለን። በእኛም ክርክር ከተናገሩት መካከል አዳራሹን በዓይናቸው ያዩት ጥቂቶች እንደ ነበሩ ለማመን እንገደዳለን።

ሁለተኛው የሚያሳስበን ነገር የመብራት ነው። ቀይ መስተዋት ቀይ አይሠራም፤ በመጣለት ብርሃን ውስጥ ያለውን ቀይ ያሳልፋል እንጂ። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው ጽሑፍ ነጭ ብርሃን የቀለማት ድምር መሆኑን ካስረዳ ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። ዛሬ በየቦታው የሚሰቀሉት ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ነጭ መስለው ይታያሉ እንጂ ጥልቁ ቀይ በውስጣቸው ጥቂት ነው፤ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለውም እንዲሁ ይጎድላል። በእንዲህ ያለ መብራት የሚታይ ቀይ አፈር ወይም ቀይ መስተዋት ያልጠፋ፣ ነገር ግን የታመመ ይመስላል። አሮጌ ሥዕል ባለበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መዘክር አምፖል ሲለወጥ የሚጠየቀው ዋጋውና የሚቆጥበው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቀይ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመንም። ይህም ቁጥር በካርቶኑ ላይ ሁልጊዜ ስለማይጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ አፍሪካ አዳራሽ መስተዋት ወደፊት በዚህ መጽሔት የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ሁለት ነገር እንዲጨምርልን እንለምነዋለን፤ በስንት ሰዓት እንዳየውና ሰማዩ ደመና እንደ ነበረው ወይም እንዳልነበረው። የራሳችን ጨርቅ ግን በማንበቢያው ክፍል በስተ ምሥራቅ ባለው መስኮት አጠገብ ተሰቅሏል። ጧት በ2 ሰዓት ከበሩ በኩል ቆሞ የሚያየው ሰው በዘይት የተቀባው ግማሽ ጠፍቶ በሙጫ የተቀባው ብቻ ሲታይ ያገኘዋል፤ ነጠላዋን የሰጠችንም እኅት መጥታ እንድታየው ጋብዘናታል።